ለእናቴ የነፈግኋት ባሕር

ባሕረኛው መጀመሪያ ሽማግሌ የላከው ለእኔ ነበር። የዳንግላ ልጅ ነው፤ ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ይኖራል። እኔ ከውኃ ዳር አልኖርም ብዬ እምቢ አልኩ። ዓመት ሳይሞላ ታናሽ እህቴን አገባት። እንዳልከፋኝ ለማሳየት ሰርጉ ላይ ከሁሉም በላይ ጨፈርኩ።

ከአራት ዓመት በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ፤ በጎንደር በኩል በአውቶቡስ እስከ አስመራ፣ ከዚያ በባቡር። በሦስተኛው ቀን ባሏ በጀልባ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ወሰደን። ሰው አይኖርባትም። የአካባቢው ሽማግሌዎች ማጥመድ ስለከለከሉ ዓሦቹ ሰው አይሸሹም። ባሏ ከሥሩ መስታወት የተገጠመለት ሣጥን ውኃው ላይ አድርጎ ከጀልባው ላይ ሆኜ እንድመለከት ጋበዘኝ። እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጣ ድንጋይ፣ በመካከሉም ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ አየሁ። ከዘንገና ሐይቅ በቀር ውኃ አላውቅም፤ እሱም ጥቁረቱ ያስፈራኛል። ይኸኛው እስከ ወለሉ ይታያል።

ቀና ስል እህቴ እስከ ጉልበቷ ውኃው ውስጥ ገብታ ትስቃለች፤ ባሏ እጇን ይዟታል። ያ እጅ መጀመሪያ የተዘረጋው ለእኔ ነበር። ምሳውን ሳልበላ ተውኩት። ፀሐይ መታኝ ብዬ ዋሸሁ።

ስሰናበት እህቴ፣ ከፋሲካ በኋላ እማዬን ላኪልኝ፣ ይህን ባሕር እንድታይልኝ አለችኝ።

ቤት ስደርስ እናታችን ከእኔ ቀጥላ ለመሄድ አስባ፣ ጋቢዋን አሳጥባ ለመንገድ ተሰናድታለች። አገሩ እንዴት ነው አለችኝ።

"ሙቀትና ጨው ነው፤ ሄደሽ ምን ታያለሽ?" አልኳት።

አመነችኝና ቀረች።

ሁለት ዓመት አለፈ፤ የእናቴም ዓይን ደከመ። እህቴ ልጇን ይዛ መጣችና ስለዚያች ደሴት በቋንቋችን በአዊኛ አወራችላት። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰምታ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺም ይህን አይተሻል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ነፈግሽኝ?"

የቀናሁት በእህቴ እንጂ በአንቺ አይደለም ማለት አቃተኝ።

እህቴ ስትመለስ እናቴን ይዛት ሄደች። ከወር በኋላ እናቴ ተመለሰች፤ ምን አየሽ ብዬ ጠየቅኋት።

"ብዙም አልታየኝ። እህትሽ እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ ውኃው ለብ ያለ ነው" አለችኝ።

በዚህም ቀናሁ። እኔ እዚያ ድረስ ሄጄ እግሬን እንኳ ሳላስነካው ነው የተመለስኩት።