ከመጨረሻው የጀመረው ፊልም

«መጨረሻው እኮ አይደለም አባባ፣ መጀመሪያው ነው!» አለች እህቴ።

«እኔ ዓይን የለኝም?» አባቴ ሸማ ከሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ፣ ቀና ሳይል መወርወሪያውን ወደ ግራ ላከ። «ልጅቷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ እያለቀሰች ከትምህርት ቤቱ ወጣች። በሩ ተዘጋባት። መብራት በራ። ከዚህ ወዲያ ምን መጨረሻ አለ?»

እሑድ ዕለት በእህቴ ትምህርት ቤት አዳራሽ አቡጀዲ ተሰቅሎ፣ አሜሪካኖች በዓለም ጦርነቱ ዘመን የሠሩት የሚያስቅ የዘፈን ፊልም ታይቶ ነበር። ተማሪዎች ትርኢት ሊያሳዩ ሲነሡ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ይከለክላሉ፤ ዋናዋን ዘፋኝ ያባርሯታል። ኋላ ልጅቷ ተመልሳ ትዘፍናለች፣ ዲሬክተሩም ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው ይደንሳሉ። ፈረንጇ አስተማሪ እንደዚያ ያለ ትርኢት አስባ፣ እህቴን ለዋናው ዘፈን መርጣ፣ ወላጆች እንዲፈቅዱ ብላ ነበር የጠራቻቸው።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ ግን ሁለቱን የፊልም ጥቅልሎች አቀያየራቸው። አስቀድመን የዲሬክተሩን ዳንስ አየን፣ ከዚያ የልጅቷን መባረር። ወላጆቹን ምንም አልገረማቸውም። መጀመሪያ ጭፈራ፣ ቀጥሎ ለቅሶ፤ ከቄሱ ስብከት በምን ይለያል? ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ።

«አንተ ንገራቸው እንጂ!» አለችኝ እህቴ። ከፊት ቆሜ ፊልሙን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛዬን ከራዲዮና ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ የለቃቀምኩት።

«እውነቷን ነው አባባ። ጥቅልሎቹ ተቀያይረው ነው።»

«ያን ጊዜ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔም ያወቅሁት ካለቀ በኋላ ነው።»

«ሳይገባህ ነው እንዴ የምትተረጉመው? ማታ ማታ የምትጽፈው ግጥምህም እንዲሁ ነው ማለት ነው።»

ሳቄ መጣ፤ የእህቴን ፊት አይቼ ዋጥኩት።

«አባባ፣ ልምምዱ አሁን ነው» አለች። «ዛሬ ከቀረሁ ዘፈኑ ለሌላ ልጅ ይሰጣል።»

«ይሰጣት! የሷ አባት ይቻለው። እኔ በሸማኔነቴ ቁጢት በጣሽ እየተባልኩ ነው ያሳደግኋችሁ። አሁን ደግሞ የአዝማሪ አባት ልባል? አንዱ ስም አይበቃኝም?»

«እርስዎ ሲሰድቡዎት ሸማዎን ተዉት?»

መወርወሪያው ቆመ። ከጉድጓዱ ለመውጣት ድሩን ማላላት ነበረበት። እጁ ወደ ማሰሪያው ሄደ፤ አልፈታውም። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። እህቴ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«ያን ደፍ ከተሻገርሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ነው» አላት።

«ሻንጣ የለኝም።»

«እንግዲያው ነጠላዬን አስቀምጪ። እኔ የሠራሁትን ለብሰሽ አትዘፍኚም።»

ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ነጠላውን አጠፈችው፤ ጥለቱን ከጥለቱ ጋር አስተካክላ፣ እሱ ለገበያ እንደሚያጥፈው አድርጋ፣ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ እጁ በሚደርስበት አኖረችለት። አባቴ ነጠላውን አየ እንጂ እሷን አላየም። እሷ ግን እኔን አየችኝ፤ እኔ ዓይኔን ወደ ነጠላው መለስኩ።

በፊልሙ ላይ በሩን የዘጉት ዲሬክተሩ ነበሩ። የእኛን በር ራሷ፣ ቀስ አድርጋ፣ ከውጭ ዘጋችው።