ወልድን አስራ አራት ጊዜ ያሳነሰው ጉድጓድ ቆፋሪ

የስፔኗ መንደር የቶሬካርዶው ኤውቲሚዮ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። በር የሚያህል ሰው ነው። ደረቱን ያየ ሰው አፉን ሲከፍት ጣሪያው የሚነሳ ይመስለዋል፤ የሚወጣው ግን የጫጩት ድምፅ ነው። ሚስቱ ካሲልዳ፣ «ሲቆጣኝ የጎረቤት ድመት እየመሰለኝ ስንቴ በር ከፍቻለሁ» ትላለች። በሃምሳ አንድ ዓመቱ አርባ ጉድጓድ ቆፍሯል፤ ሠላሳ ስድስቱ ውሃ ሰጥተዋል፤ ስለ አራቱ አይወራም። የእሁድ ቅዳሴ አያስታጉልም፣ በፆም ዓርብ ሥጋ አይነካም። ከዚያ በላይ ያለውን ለቄሱ ትቶ ነው የሚኖረው።

እንዲህ ያለውን ሰው መናፍቅ ያደረገው ፊልም ነው።

ወይን ለቀማ እንዳለቀ ከፈረንሳይ አገር በሁለት የጭነት መኪና ፊልም ሠሪዎች መጡ። ለቄሱ ለአባ ክሬሴንሲዮ የተሳላሚዎች ታሪክ ነው አሏቸው፤ አባም ደስ ብሏቸው የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አዋሱ። ሰፈሩ በሙሉ ተቀጠረ። ኤውቲሚዮን ለጢሙ ብለው መረጡት፤ በድሮ ጊዜ ግንድ ላይ ታስሮ የተቃጠለ መናፍቅ ይሆናል ተባለ።

«ቀላል ነው» አለው ዲሬክተሩ፣ ሱፍ እየፈለፈለ። «‹ወልድ ከአብ ያንሳል› ትላለህ፣ ከዚያ ያቃጥሉሃል፣ ከዚያ ምሳ።»

ኤውቲሚዮ ምሳው የበግ ጥብስ መሆኑን ሰምቷል። ቃሉን አለ። ሲል አህያ አናፋች፤ ይደገም ተባለ። ደገመ፤ አውሮፕላን አለፈ። በመናፍቁ ዘመን አውሮፕላን የለም፣ ይደገም። ከሦስተኛው እስከ ዘጠነኛው ድረስ ደግሞ ቃሉን በተናገረ ቁጥር ወዲያው እያማተበ አስቸገረ።

«አታማትብ! መናፍቅ አያማትብም!» ጮኸ ዲሬክተሩ።

«ታዲያ ምን ዓይነት ሰው ነው ያደረጋችሁኝ?»

እጁን የፊጥኝ አሰሩት። በአስራ አራተኛው ሁሉም አማረ፤ እሱን ፈትተው በቦታው ገለባ የተሞላ አሻንጉሊት አቃጠሉ። ኤውቲሚዮ ምሳ ሲቀርብ ጥብሱን ትንሽ ነካክቶ ለውሻ ሰጠው። ካሲልዳ ነገር እንዳለ ያወቀችው በዚያ ነው።

ቅዳሜ ንስሐ ገባ። እነሱ ዘንድ ንስሐ በዓይነትና በቁጥር ነው የሚነገረው፤ ደንብ ነው።

«አባ፣ ወልድ ከአብ ያንሳል ብያለሁ።»

አባ ከንስሐ መስሚያው ሳጥን ውስጥ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። «ይሄ እኮ የአርዮስ ነው! ስንት ጊዜ?»

«አስራ አራት።»

«በስንት ዓመት ውስጥ?»

«ኧረ ማክሰኞ ነው አባ። እስከ ምሳ።»

አባ ከፈቱት በኋላ ጉዳዩን ሲያብላሉት ቆዩና በመጨረሻ፣ «ኃጢአቱ ተሰርዟል። ፊልሙ ግን አልተሰረዘም» አሉት።

ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ፊልሙ ማድሪድ ሳንሱር ቤት ተኝቶ ከረመ። የኤውቲሚዮ አንድ ልጁ ሬሚ አገባች፣ አረገዘች፣ ሴት ልጅ ወለደች። በቶሬካርዶ ደንብ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ የክርስትና አባት የእናቲቱ አባት ነው። ኤውቲሚዮ የሰርጉን ሱፍ ልብስ አስተኮሰ፤ ለሕፃኗም የውሃ ጉድጓድ ለመቆፈር ቃል ገባ፤ ሌላ የሚሰጠው ነገር አያውቅም። ክርስትናው ለእሁድ ተቀጠረ። ይሄኔ ዟሪው ሲኒማ ማስታወቂያውን ለጠፈ፤ ያ ፊልም፣ ቅዳሜ፣ በእህል መጋዘኑ።

አባ አስጠሩት። «ቅዳሜ በሕዝብ ፊት ወልድን ልታሳንስ፣ እሁድ በዚያው አፍህ ለሕፃኗ ‹አምናለሁ› ልትልልኝ ነው? መጀመሪያ ፊልሙን ልየው። ካልከው ሕፃኗን ኢላሪዮን ያቅፋታል።»

ኢላሪዮን የአማቹ አባት ነው፣ ወፍጮ ቤት ያለው። ወሬውን በሰማ ማግስት አዲስ ከረባት አስሮ በኤውቲሚዮ ደጅ ሁለት ጊዜ አለፈ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ከኋላ ሆነህ ሻማ ትይዛለህ። መናፍቅ ሻማ መያዝ አይከለከልም መሰለኝ።»

«ከረባትህ አንቆ ይግደልህ!» አለችው ካሲልዳ ከመስኮት።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጋዘኑ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፣ አንሶላ ተሰቀለ። አባ ከፊት፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ፊልሙ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ ያወቀ ሰው የለም። አንድ ጳጳስ በብስክሌት የስንዴ ማሳ ያቋርጣል፤ የምግብ ጠረጴዛ እየሮጠ ያባርረዋል። ሦስት ሰዎች አንድ ካፖርት ለብሰው ሆቴል ይገባሉ፤ እንግዳ ተቀባዩ አይቶ አይቶ አንድ ቁልፍ ይሰጣቸዋል። መልአክ ባቡር ጣቢያ ተሰልፎ መታወቂያ ይጠየቃል። አባ በካፖርቱ ጊዜ ሁለት ጊዜ ሳሉ። ሕዝቡ ግን፣ «ያቺ የቶማሳ በቅሎ አይደለችም?» «እሷ ናት፤ እንዴት ወፍራለች!» ይባባላል።

ድንገት የኤውቲሚዮ ፊት አንሶላውን ሞላው። ካሲልዳ ክንዱን ጨበጠች። ሬሚ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጠፈች። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

አንሶላው ላይ አፉ ተከፈተ፤ የወጣው ግን የጫጩት ድምፅ አልነበረም። ወፍራም፣ የከተማ፣ በሬዲዮ ፍራሽ የሚያስተዋውቀው ሰውዬ ድምፅ ነው።

«ወልድ ከአብ ጋር እኩል ነው!»

በዚያ አገር የውጭ ፊልም ሁሉ ማድሪድ ሄዶ ሌላ ድምፅ ይለጠፍበታል፤ ያቺ አህያ በከንቱ ነው ያስደገመችው። ሳንሱሩም ከፊልሙ ውስጥ ትርጉሟ የገባው ይህቺ አንዲት ነገር ብቻ ስለነበረች አረማት፤ ሌላውን እንዳለ አሳለፈው።

እዚያው አንሶላ ላይ ቀይ የለበሰ ዳኛ ተነስቶ ጣቱን ቀሰረ። «ሰማችሁ? ይቃጠል!»

«ለምን?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ገለባው መንደድ ሲጀምር ሰው አበደ። ሽምብራ ተወረወረ። መጀመሪያ ወንበር ላይ የወጣው ኢላሪዮን ነው፤ ከረባቱ ትከሻው ላይ ዞሯል። «ምን አጠፋ? እናንተ ውሾች! እውነቱን አይደለም የተናገረው? አባ፣ ይንገሩን እንጂ፣ ምን አጠፋ?»

አባ ክሬሴንሲዮ ተነሱ። ወደ እሳቱ አዩ፣ ወደ ሕዝቡ አዩ። ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ምንም» አሉ።

«ሁላችሁም ሰምታችኋል!» አለች ካሲልዳ። ኢላሪዮን ያኔ ነው ምን እንዳደረገ የገባው፤ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ወረደ።

ሲወጡ ኤውቲሚዮ የአባን እጅጌ ያዘ። ደግ ሰው አርፎ አይቀመጥም።

«አባ፣ አፌ ግን...»

«ያ ድምፅ ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

«ያንተን ድምፅ የማያውቅ ውሻ እንኳ እዚህ አገር የለም። በቃ። ነገ ንጹሕ ሸሚዝ ልበስ።»

ያን ሰው በዚያ ቀን ያየ፣ ከአርባኛው ጉድጓድ በገመድ ጎትተው ያወጡት ይመስለዋል። ቤቱ ሲደርስ ተቀምጦ ግማሽ በግ በላ።

እሁድ ሕፃኗን አቀፈ። አባ ሦስት ጊዜ ጠየቁት፣ ሦስት ጊዜ፣ «አምናለሁ» አለ፤ በገዛ ጫጩት ድምፁ። አባ ሊያጠምቋት ውሃውን በዛጎል ቀድተው አነሱ። ኤውቲሚዮ ግን አላቆመም።

«አምናለሁ።»

«በቃ፣ ሰምተናል።»

«አምናለሁ። አምናለሁ።»

አባ ዛጎሉን እንዳነሱ ቀሩ፤ ውሃው በእጅጌያቸው ይወርዳል። ሬሚ ሳቋን ለመያዝ ወደ ግድግዳ ዞረች። ሻማ ይዞ ከኋላ የቆመው ኢላሪዮን ነገሩ ስለገባው በጣቱ መቁጠር ጀምሯል፤ ጣት ሲያልቅበት ሻማውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

«አስራ አራት!» አለ በመጨረሻ። «አባ፣ ያፍስሱ።»

አባ አፈሰሱ። ሕፃኗ አስነጠሰች።