ከኮሚክ ሌላ ማንበብ ያቃተኝ ክረምት

ታናሽ እህቴ ቡለን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች። እኔ አሶሳ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሁለታችንም ያደግነው ፓዌ ነው፤ ወላጆቻችን በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም የሉም። ለእኔ ያለችኝ እሷ፣ ለእሷም ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ክረምቱ ሲገባ የእህቴ ስልክ አልሠራ አለ። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ወደ ቡለን የሚደወል ስልክ ሁሉ እንደማይገባ ሰማሁ። ከዚያ መንገድ ላይ ችግር አለ ተባለ። ምን ዓይነት ችግር እንደሆነ ልጠይቅ መናኸሪያ ሄድኩ፤ አንዱ ሾፌር ድልድይ ተሰብሮ ነው አለኝ፣ ሌላው ወደ ጎን ወስዶ የድልድይ ነገር አይደለም፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አሉ አለኝ። ከዚያ በላይ ሊነግረኝ አልፈለገም።

እኔ መጽሐፍ ሳልይዝ የማልውል ሰው ነበርኩ። ያን ሰሞን ግን አንድ አንቀጽ አንብቤ መጨረሻው ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋብኛል። ዓይኔ ፊደሉ ላይ፣ ጆሮዬ ስልኬ ላይ ነው። ይህንን ለትምህርት ቤታችን የሥዕል መምህር አጫወትኩት። እዚሁ አሶሳ አጠገብ የተወለደ ሰው ነው፤ የአፍ መፍቻው የበርታ ቋንቋ ስለሆነ ሲቸኩል እኔን ሴቷንም «አንተ» ይለኛል። በማግስቱ ወንድሙ ከአዲስ አበባ የላከለትን የእንግሊዝኛ ኮሚኮች በፌስታል ሞልቶ መጣ። ይህ የልጆች አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ጽሑፍ እምቢ ካለህ ሥዕል አንብብ» አለኝ።

የመጀመሪያው ካባ ለባሽ ጀግኖች በሰማይ እየበረሩ የሚደባደቡበት ነበር። ቀለሙ ያምራል፤ በአንድ ትንፋሽ ግማሹ ድረስ ሄድኩ። ግን በየገጹ ፎቅ ይናዳል። ጀግናው ክፉውን ከፎቅ ጋር ያላትመዋል፣ ፎቁ ይፈርሳል፣ ታሪኩ ይቀጥላል። እዚያ ውስጥ ማን እንደሚኖር የሚጠይቅ የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን የማልፈው ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን የፈረሰውን ግድግዳ ሁሉ እየቆምኩ ሰው ስፈልግበት ራሴን አገኘሁትና ተውኩት።

ሁለተኛው በጥቁርና ነጭ የተሣለ ሲሆን፣ አንዲት ልጅና ጫማ የሚሰርቅ ውሻዋ የሚያደርሱትን ጣጣ ይተርካል። መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ውሻው የቄሱን ጫማ ይዞ ሲሮጥ ሳየው ሳላስበው ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ዞር አለ። እህቴ የት እንዳለች ሳላውቅ በውሻ መሳቄ ክፉ ነገር የሚጠራባት መሰለኝ። መጽሐፉን ወደ ቦርሳዬ ከተትኩት፤ ግን እውነቱን ለመናገር ማታውን ጨረስኩት።

ያስጨነቀኝ ሦስተኛው ነው። ወፍራም ነው፣ አንድም ቃል የለበትም። ወንድምና እህት አብረው ይኖራሉ። ወንድሟ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥዕል ሁሉ የቤቱ ውስጥ ነው፦ እህቲቱ መስኮት ላይ፣ እህቲቱ ደረጃ ላይ፣ ያልተነካ ሳህን። ክፍሉ ከገጽ ወደ ገጽ እየጨለመ ይሄዳል። መጨረሻው አካባቢ በሩ ይንኳኳል፤ እጇ እጀታው ላይ ነው። ቀጣዩን ገጽ መግለጥ አቃተኝ። የተሣለ በር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከበሩ ኋላ ያለው ነገር እህቴ ላይ የሚደርስ ይመስል መጽሐፉን ዘግቼ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት።

የፈተና ወረቀት እያረምን ሳለን የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«እትዬ፣ ደህና ነኝ» አለች እህቴ። በሰው ስልክ ነበር የደወለችው።

ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ ግን ተቆጣሁ። እንዴት መልእክት እንኳ አትልኪም፣ እንዴት ሰው አትልኪልኝም እያልኩ ጮህኩባት። ከሌሎች ጋር ጎረቤት ቤት ተዘግተው እንደሰነበቱ፣ አሁን መንገዱ እንደተከፈተና ወደ እኔ ልትመጣ እንዳሰበች ነገረችኝ። ለምን እንደተዘጉ ብጠይቃት ስመጣ አጫውትሻለሁ ብላ ስልኩን ለባለቤቱ መለሰች።

ቤት ገብቼ መጽሐፉን አወረድኩና ገጹን ገለጥኩት። በሩ ላይ የቆመችው ጎረቤት ናት፤ ባዶ ሰፌድ ይዛ ትንሽ ዱቄት ልትለምን መጥታለች። ወንድምየው አይመለስም። እህቲቱ ዱቄቱን ትሰጣታለች፣ ሁለቱ ቁጭ ይላሉ፣ አለቀ። ይህን ያህል አስፈራርቶኝ በዱቄት ይጨርሰዋል ብዬ ተናደድኩ። በማግስቱ ለሥዕል መምህሩ ስመልስለት ያሰብኩትን ሁሉ አልደበቅሁትም።

«አንተ ወንድም ፈልገህ ነው ያነበብከው» አለኝ። «መጽሐፉ ግን ቤት ስለ ቀረችው እህት ነው።»

ሳይሆን አይቀርም አልኩት። በልቤ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም። ሠዓሊው ቢያንስ ወንድምየው በሕይወት ይኑር አይኑር ሊነግረን ይገባ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው።

እህቴ መጣች። መናኸሪያ ተቀበልኳት፤ ከስታለች፣ አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዛለች። በባጃጅ ስንሄድ ስለ ጨርቅ ገበያው አወራችኝ፣ ስለ አሶሳ ማንጎ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሌላው ምንም አላነሳችም። እኔም አላነሳሁባትም። ምሳ በልታ ትንሽ ልረፍ ብላ አልጋዬ ላይ ጋደም አለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ብርድ ልብስ ላለብሳት ስገባ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ክሩን አጥብቃ አስራ ተኝታለች።

ቀስ ብዬ ልፈታላት ስጀምር ነቃች።

«ተይው እትዬ» አለችኝ፤ እግሯን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

ብርድ ልብሱን ከነጫማዋ አለበስኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።