ጉጥ የሌለው አርጩሜ

ኢስሜይ ባለፈው ዓርብ ከሥራ ተባረረች። ዛፍ ቆርጣ ነው ይላሉ። አዎ፣ ቆርጣለች። ግን ነገሩን ከዛፉ የሚጀምር ሰው ያናድደኛል፤ እኔ ከአርጩሜው እጀምራለሁ።

ፖይንት ሮዝ ትምህርት ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ አስተማሪ፣ እሷ ጽዳት። በእኛ ደሴት የሚገረፍ ልጅ አርጩሜውን ራሱ ነው ቆርጦ የሚያመጣው፤ ያውም ግቢው መሐል ካለው የሁመር ዛፍ። ቀጭን ካመጣ "ትቀልዳለህ?" ተብሎ እጥፍ ይቀምሳል። ጉጥ ያለበት ካመጣ ቆዳው ይላጣል። ኢስሜይ ይህን ስለምታውቅ መጥረጊያዋን አስደግፋ ዛፉ ሥር ትጠብቀዋለች። ደህናውን ትመርጥለታለች፤ ጉጡን በቢላዋ ትልግለታለች፤ "በል፣ ቶሎ ይለፍልህ" ብላ ትሸኘዋለች። ደግ ሴት ናት ይባል ነበር። እኔም ብያለሁ።

ወላጆቹማ ምን ቸገራቸው! "ዓይኑን ብቻ አትርፉልኝ፣ ሌላው የእናንተ ነው" ብለው ነው የሚያስረክቡን።

ዘንድሮ ሚኒስትራችን ከባሕር ማዶ ስብሰባ ተመለሱ። የስንትና ስንት አገር መንግሥታት ተሰብስበው ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይመታ ቃል ገብተዋል፤ የእኛዎቹም ፈርመዋል። የተፈረመው ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ርዕሰ መምህራችን ላቦርድ ቢሮ ውስጥ ተሰቀለ። የዕለቱ አርጩሜም እዚያው፣ ከሥሩ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል።

"ይሄስ?" አልኩት አርጩሜውን እያየሁ።

"ሕጉ ሲወጣ እንተወዋለን።"

"እስከዚያስ ምን ይሁን ይላሉ?"

"እስከዚያማ ልጅ ልጅ ነው፣ አስተማሪም አስተማሪ ነው። ክፍልሽ ግቢ።"

ገባሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ በራሴ እቃጠላለሁ።

ታቪያ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። ጆሮዋ በደንብ አይሰማም፤ ላቦርድ ግን ትዕቢት ነው ይላል። ሲጠራት ዝም ካለች ይገርፋታል። ባለፈው ዓርብ፣ በአንድ ወር ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ወደ ዛፉ ላካት። ኢስሜይም እንደ ልማዷ መርጣ፣ ልጋ ሰጠቻት።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ታንቲ" አለች ልጅቷ፤ እኛ ዘንድ አክስት ማለት ነው። "የባለፈውም ለስላሳ ነበር።"

ከልቧ ነበር ያመሰገነችው። እኔ በመስኮት እሰማለሁ። ኢስሜይ አርጩሜውን ከእጇ ነጥቃ ሰበረችው። "ሂጂ ክፍልሽ!" ብላ ጮኸችባት፤ ከዕቃ ቤት መጥረቢያ ይዛ ተመለሰች። ልጆቹ በየመስኮቱ ተሰቅለው ምቱን ጮክ ብለው ቆጠሩ። ሠላሳ አንድ ላይ ዛፉ ወደቀ።

ላቦርድ እየሮጠ መጣ። "አብደሻል እንዴ?"

"አሁንማ ዳንኩ! ያበድኩትማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የልጅ መግረፊያ ስልግልህ ነው!"

ባለ ሱቁ ጎረቤታችን አጥር ተደግፎ ሳቀ። "አህያውን ፈርታ ዳውላውን!"

"አህያውንማ የምትቀልቡት እናንተ ናችሁ" አለችው።

ልጅ ተገርፎ ሲደማ ማንም መጥቶ አያውቅም። ለዛፉ ግን ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ ደረሰ። ኦሊቪየር ይባላል፤ በልጅነቱ ኢስሜይ አርጩሜ የላገችለት ነው። ደብተሩን ገለጠ።

"ታንቲ፣ በምን መቱት?"

"በመጥረቢያ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሠላሳ አንድ።"

ጻፈ። "ጉዳቱስ?"

"ይኸው፣ ተጋድሞልሃል። አሁን ደግሞ ታቪያን ጻፍ። በአርጩሜ። በወር ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ስምንት ስምንት።"

እስክሪብቶው ቆመ። "እሱ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው፣ ታንቲ። እኔ የተላክሁት የመንግሥት ንብረት ተጎዳ ተብሎ ነው።"

"ልጅቷስ የማን ናት?"

ደብተሩን አጠፈ። ላቦርድም ኢስሜይ እዚያው ቆማ ሳለች የስንብት ደብዳቤዋን ሰጣት።

ሰኞ ጠዋት ላቦርድ ክፍሌ ገባና ታቪያን ከኋላዋ ጠራት። አልሰማችም። አርጩሜ የሚቆረጥበት ዛፍ ስለሌለ ቀበቶውን ይፈታ ጀመር። እኔ ተነሥቼ መሐላቸው ቆምኩ።

"ዞር በይ" አለኝ።

"ከእኔ ጀምር" አልኩት።