«ቺፕ ባቲ የጾም ነው» ያልኩት እኔ ነኝ

በዘጠናዎቹ ለንደን ውስጥ፣ አርችዌይ አካባቢ ከኛ ሰው እንግሊዝኛ የሚያውቅ ማነው ቢባል፣ እኔ ነኝ። ዲግሪ የለኝም፤ የተማርኩት ካፌ ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ነው። ባለ ዲግሪዎቹ «ሶሴጅ» ሲሉ እኔ «ባንገር» እላለሁ። ድንች «ስፐድ»፣ ሻይ «ካፓ»፣ ሳንድዊች «ሳርኒ»። ፈረንጁ ራሱ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር!

ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ካርቱም ቀርታባቸው፣ እንድትመጣላቸው ክሮይደን ያለው የኢሚግሬሽን ቢሮ አፕላይ አድርገዋል። ሁዳዴን አንድ ቀን ሳያጓድሉ ሊጾሙላት ተሳሉ።

አንድ ቀን የሰፈራችን ድንች ጥብስ ቤት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ እዚህ የጾም ይገኛል?»

«ምን ጠፍቶ አባባ! ቺፕ ባቲ ይበሉ። ድንች በዳቦ ነው።»

«ዘይቱስ?»

«ዘይት ዘይት ነው፤ እኔን ይመኑ!»

ስሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። ከዚያ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሄደው «ዋን ቺፕ ባቲ» ይላሉ፤ እኔ በተማሪዬ እኮራለሁ።

ከፋሲካ በኋላ እዚያው ድንች ጥብስ ቤት ሥራ አገኘሁ። ባለቤቱ ነጭ ጡብ የመሰለ ነገር ከካርቶን አውጥቶ መጥበሻው ውስጥ ጣለ። ምንድነው አልኩት።

«የበሬ ሞራ ነዋ! ሁሌም በሱ ነው የምንጠብሰው።»

ልነግራቸው አሰብኩ። ግን ጾሙ አልፏል፣ ልጅቷም ትመጣለች፣ ምን አስቸኮለኝ?

ክረምት ላይ ደብዳቤ መጣላቸው። እንግሊዝኛ አዋቂው እኔ ነኝና ይዘውልኝ ወረዱ። ልጅቷን እንዳትገባ ከልክለዋል። ሽማግሌው ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ክሮይደን ምን ያድርግ? ጾሜ ላይ የጎደለ ነገር ቢኖር ነው» አሉ።

«ኧረ የርስዎ ጾም እንከን የለውም» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

የንስሐ አባቴ «ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርባቸውም፤ ሂድና ንገራቸው» አሉኝ። ደረጃውን ወጣሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ ከስተዋል። ጠረጴዛው ላይ ደረቅ ዳቦና ጨው አለ።

«ጾሙን እንደገና ጀምሬልሃለሁ። አሁንስ ድንቹንም ትቻለሁ። ና፣ ቁረስ።»

ቆረስኩ። ቀልድ አወራሁላቸው፣ ሳቁልኝ፤ ሳልነግራቸው ወረድኩ።

በዚያው ዓመት መንግሥት ሌላ ከተማ ቤት ሰጥቶ ወሰዳቸው። ቤቱ ባዶ ሆኖም ኮቴያቸው ከጣራዬ በላይ ይሰማኝ ነበር። ብልጥ ነኝና ሰፈር ቀይሬ ኬኒንግተን ገባሁ፤ የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ከበላዬ ሰው የሌለበት።

እዚያም ይራመዳሉ።