ጥጃዋ የሞተባት ላም

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። ማንበብ ስችል አንድ መጽሐፍ እጄ ገባ፤ እንስሳ አያዝንም፣ እንባውም አቧራ ማጠቢያ ነው ይላል። እዚያው ላይ ተውኩት። ጸሐፊው የእኛን ላም አላያትም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ካኮ ከተማ አጠገብ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የምንካፈላት አንዲት ላም ነበረችን። ልጆቼ የሚጠጡት የእሷን ወተት ነው። ጥጃዋ ሞተባት። እንደ አገራችን ወግ ቆዳውን ገፈን፣ ጨው ነስንሰን ፊቷ ዘረጋንላት። ሌላ ላም እሱን እየላሰች ትታለባለች። ይቺ አንዴ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ሣር መብላት ትታ በረቱ በር ላይ ቆመች። ከዓይኗ ሥር ጸጉሯ ረጥቦ መስመር ሠርቷል።

"ታለቅሳለች" አልኩ።

ወንድሜ ሳቀ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ነፍስ ለሰው ብቻ እንደተሰጠ ያውቃል። "ዝንብ ነው። ለከብት ድንኳን ልትጥል ነው እንዴ? በገበያ ቀን ለሥጋ ነጋዴ እሰጣታለሁ። ከከሳች ማን ይገዛታል?"

"ጋሼ፣ እስከዚያ ተዋት፤ አንድ ነገር ልሞክር። ካልሆነልኝ ራሴ እነዳታለሁ።"

ጎረቤታችን መበለቲቱ ላማቸው ሞታ ጥጃዋ ቀርቶባቸው ነበር። "ውሰደው፣ እኔ ዘንድም ከመሞት አይተርፍም" አሉኝ። ወስጄ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ጀርባው ላይ በጠፍር አሰርኩለት።

"ካፖርት ገዛህለት?" አለኝ አንዱ ጎረቤት። አጥሩ ላይ የተደገፈው ሁሉ ሳቀ።

ላሟ ቆዳውን አሸተተች፣ ላሰችው። ጥጃው ጠባ።

ወንድሜ ግን አልተረታም። "አታለልካት። የጨው ፍቅር ነው። ቆዳውን አንሣና እንይ፤ ከረገጠችው ትሸጣለች።"

ቆዳው መሽተት ጀምሮ ስለነበር ማንሣቴ አልቀረም። በገበያው ቀን ጠዋት ጠፍሩን ፈታሁ። ወንድሜ መንጃውን ገመድ ይዞ አጠገቤ ቆሟል። የእሷ ጥጃ ጥቁር ነበር፤ ይሄ ቀይ ነው። ሊያሳስታት የሚችል ነገር አልቀረም። ከራሱ እስከ ጭራው አሸተተችው። ቆየች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እምቧ አለችና ባዶ ጀርባውን ላሰችው፤ በአፍንጫዋም ወደ ግቷ ገፋችው።

በሌላው ጎን ተቀምጬ አለብኩ። የወተቱን ቅል አረፋው ሳይወርድ ለወንድሜ ሰጠሁት።

"ጨው የለበትም" አልኩት።

ቆሞ ጠጣ። ገመዱን ከእጁ ወስጄ የጥጃው የማታ ማሠሪያ አደረግሁት።