ቫኑን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ

የልጄ ልጅ፣ እንደምናገረው ጻፊው፣ አታሳምሪው። የምታውቂውንም ቢሆን ጻፊው፣ ሌላ ሰው ያነበዋል።

አባትሽ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ወደሚውሉበት ማእከል ሰው የሚያመላልስበት ቫን አለው። መኪናው የራሱ ነው፣ ሥራው ግን የካምፓኒ ነው። ጠዋት ከዚህ ከምንኖርበት ከታከር ይነሳል፣ በጎረቤታችን ከተማ በፓይን ሌክ ዞሮ ሰዎቹን እየለቀመ ያደርሳቸዋል፣ ከሰዓት ይመልሳቸዋል። ቫኑ አርጅቷል። ጎኑ ላይ እየተንሸራተተ የሚከፈት በር አለ አይደል፣ ከውስጥ ሲከፍቱት የሚስቡት የፕላስቲክ እጀታ አለው። ጣጣው የመጣው በሱ ነው።

እኛው ሕንፃ ሥር የሚኖሩ አንዲት የአገራችን ሴትዮ አሉ፣ በዎከር፣ በዚያ እየገፉ በሚደገፉት ብረት ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን አባትሽ ሌላ ሰው ደግፎ ወደ ቤቱ ሲያስገባ እሳቸው ቫኑ ውስጥ ይጠብቁታል። የቆየባቸው መሰላቸውና ልውረድ ብለው ሲስቡት፣ እጀታው ቀጭ ብሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ያ የነሐሴ ሙቀት! በፊተኛው በር ተሻግረው እንዳይወጡ እግራቸው እሺ አይላቸውም። መስታወቱን በቀለበታቸው ሲቆረቁሩ ሰምቶ ነው ሮጦ የደረሰላቸው።

ሲመለሱ ደጅ ላይ አገኘኋቸው። «ልጅዎ እንደ ገበያ ዶሮ ቆልፎብኝ ሄዶልዎት ነበር እኮ!» አሉኝ እየሳቁ።

«ይቅር ይበሉት እትዬ።»

«ኧረ ምን አደረገኝ፣ ላብ ነው።»

አፋቸው ይስቃል፣ ወደ ቫኑ ግን ዞረው አላዩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጫ አጣሁ።

አባትሽ የጨነቀው ሌላ ነው። ሰኞ ካምፓኒው ኢንስፔክሽን ያደርጋል፣ በሩ ከውስጥ ካልተከፈተ ቫኑ ከሥራ ይወጣል። መኪናውን የሚሸጠው ዲለር ጋ ደወለ፣ ፓርቱ፣ ዕቃው ማለት ነው፣ መሠራት ካቆመ ቆይቷል አሉት። ጀንክ ያርድ፣ የአሮጌ መኪና መጣያው ጋ፣ ሄዶ ዞረ፣ እንደሱ ያለው ቫን ሁሉ እጀታው እዚያችው ቦታ ላይ ተሰብሯል። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ዋለና «እኛው እንሠራዋለን» አለ። እኛው ያለው እሱንና አንቺን ነው። እኔ ከሶፋ ወደ ኪችን፣ ከኪችን ወደ መስኮት።

«እማዬ ቁጭ በይ፣ ምንጣፉን ጨረስሽው።»

«ቁጭ ብያለሁ» እላለሁ ቆሜ።

ስባሪውን በሙጫ ገጠማችሁት። ሞልድ የምትሉትን የቅርጽ ማውጫ ልትሠሩ የወተት ካርቶን ቆርጣችሁ፣ እጀታውን እስከ ወገቡ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ውስጥ ቀበራችሁና እንደ ጎማ የሚረጋውን ሲሊከን አፈሰሳችሁበት። ሲረጋ ገለበጣችሁት፣ ጭቃውን አወጣችሁ፣ በሌላው ፊቱ ደግሞ አፈሰሳችሁ። ሁለቱ ፊት ለየብቻ ይላቀቃል ሲባል ተጣብቆ አንድ ድፎ ዳቦ ሆነ! አባትሽ በቢላ እየሰነጠቀ እጀታውን አወጣው። ለካ መሀሉ ቅባት ይቀባ ኖሯል።

«እማዬ ቫዝሊን አለሽ?»

አልቋል። ሱቅ ሊሄድ ቁልፉን ሲያነሳ እኔ መጠበቅ አቃተኝ፣ ፍሪጁን ከፍቼ የተነጠረውን ቅቤ አወጣሁ። ፍልሰታ ነው፣ ማን ይነካዋል?

«ቅባት ያው ቅባት ነው፣ ቀባ።»

አንቺ አፍንጫሽን ይዘሽ «ኢው! እማማ፣ ይሄ እኮ ኮሰረት አለው!» አልሽ።

«አይበላም፣ ኮሰረቱ ምን ያደርገዋል!»

ቀብታችሁ እንደገና ስታፈሱት በቅቤው ተላቀቀ። ከዚያ ሬዚን የምትሉትን፣ ሲደርቅ ፕላስቲክ የሚሆነውን፣ ከሁለት ጠርሙስ እኩል እኩል ቀድታችሁ፣ ጥቁር ቀለም ጠብ አድርጋችሁበት፣ በሞልዱ ቀዳዳ አፈሰሳችሁት። እሳት ሳይነካው በራሱ ጋለ፣ ነክቼው እጄን ሰበሰብኩ። ሲወጣ እጀታ ነው። ቅቤው የተጠራቀመበት ቦታ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል፣ እሱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሽው። አባትሽ ወርዶ ገጠመው፣ በሩን ዘጋ፣ ሳበው፣ ተከፈተ። እስክስታ ወረደ ፓርኪንጉ መሀል።

«ልግባ» አልኩት።

«የት?»

«ከኋላ። ዝጋብኝና አንተ ውጭ ሁን።»

እየሳቀ ዘጋብኝ። ሳብኩት፣ ተከፈተ። «በቃሽ?» አለኝ። «ዝጋ» አልኩት። እዚያ ስቀመጥ መስታወቱን የሚቆረቁሩት ሴትዮ ፊቴ መጡ። ሰው ሲደነግጥ ቀስ ብሎ ነው እንዴ የሚስበው? እግሬን ከፊተኛው ወንበር አስደግፌ በሁለት እጄ ጎተትኩት። ቀጭ!

አባትሽ ከውጭ ከፈተልኝ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። «እማዬ! ሰበርሽው! ነገ እኮ ሰኞ ነው!»

«ሰበርኩት። ይኸው።»

«ኢንስፔክተሩ እንደዚህ አይስብም!»

«እሳቸው ይስባሉ።»

ስባሪውን ከእጄ ወስዶ አገላበጠው። አንቺ ነሽ «ዳዲ፣ ውስጡ ሽቦ እናድርግበት» ያልሽው። የልብስ መስቀያ ሽቦ ቆርጦ፣ በእጀታው ልክ አጥፎ ሞልዱ ውስጥ አስተኛው፣ እንደገና አፈሰሳችሁበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገጠመው። እንደገና ገባሁ። ጎተትኩት፣ ተንጠለጠልኩበት፣ ትከሻዬ እስኪያመኝ። ቻለ። «ሌላም ድገሙ፣ ሞልዱ እያለ» አልኳችሁ፣ ትርፍ ሠርታችሁ አስቀመጣችሁ።

ሰኞ አባትሽ እስኪደውል ፓርኪንጉን ስዞር ዋልኩ። አልፏል። ሰውየው በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ «ኦኬ» ብሎ ሄደ አለኝ። ደስ አለው። እኔን በአንድ ጣት መነካቱ ምንም አላረጋጋኝም።

በማግስቱ አባትሽ ሴትዮዋን ሲያሳፍራቸው ወረድኩ። ገና ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና፣ «በፍልሰታ ቅቤ የሚሸተኝ እኔ ጃጅቼ ነው፣ ወይስ ልጅዎ እዚህ ውስጥ ነው የሚገድፈው?» አሉኝ።

አባትሽ ሳቁን ሊውጥ ዞረ። እኔም ከት ብዬ ሳቅኩና «እጀታውን አዩት?» አልኳቸው።

«አየሁት። እኔ ግን ሁለተኛ አልነካውም። እሱ መጥቶ እስኪከፍትልኝ እጠብቃለሁ።»

«እሱ ቢቆይስ?»

«ቢቆይ ይቆያል።» ዎከራቸውን እቅፍ አድርገው ወደ ሌላ ቦታ ያያሉ።

ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ገብቼ ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ዝጋብን» አልኩት አባትሽን።

«እማዬ፣ ሌሎቹ እየጠበቁኝ ነው፣ ረፍዶብኛል!»

«ዝጋና ራቅ በል!»

ዘጋው። ሴትዮዋ ክንዴን ጨበጡኝ። «ይሳቡት» አልኳቸው። በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው ተዉት። «ኧረ ተናደው ይሳቡት፣ ቢሰበር ሌላ አለን!» ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የድንግል ማርያምን ስም ጠርተው መነጨቁት። በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ፣ ሙቀቱ ገባ። እጃቸውን አዩት፣ በሩን አዩት።

«ይዝጋውና ልድገም?» አሉኝ።

«ይድገሙ» አልኳቸው።